ኪራይ በሰዓቱ እየከፈለች ውል ያፈረሰች ተከራይ በምን ዓይነት ደብዳቤ ልቀቂ ትባላለች?

የጠባሴዋ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ጠባሴ ነው፤ ጡረተኛ ነኝ። ከዋናው ቤት ጀርባ ሁለት ክፍል ሰርቪስ አለኝ። ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከጡረታዬ ጋር ተደምሮ ቤቴን የሚያቆመው የእነዚያ ክፍሎች ኪራይ ነው።

ተከራይዋ ሁለት ትንንሽ ልጆች የምታሳድግ ሴት ናት። በኪራይ በኩል ቅንጣት ቅሬታ የለኝም። ወር በገባ ሳምንት ሳይሞላ በባንክ ታስገባና ደረሰኙን ታሳየኛለች። ውላችን የጽሑፍ ነው፤ ሁለት ምስክሮች ፈርመውበታል። «ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ የሚውል ነው» ይላል። ለአንድ ዓመት ነበር የተዋዋልነው፤ ዓመቱ ሲያልቅ ማንም ምንም ሳይል ቀጠልን።

ችግሩ አረቄ ነው። ከመስከረም ወዲህ ኋለኛውን ክፍል የአረቄ ማውጫ አድርጋዋለች። መጀመሪያ ለመስቀል በዓል መስሎኝ ዝም አልኩ። አሁን ጋኖቹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተደርድረዋል። ድፍድፉ የሚጣድ ዕለት የባሕር ዛፍ ፍልጥ ገና ሳይነጋ መንደድ ይጀምርና እስከ ምሳ ሰዓት አይጠፋም። ጭሱ በኮርኒሱ አልፎ እኔ መኝታ ቤት ይገባል። አተላው በግቢው ቦይ ወደ ጎረቤት ይፈሳል፤ የጎረቤቴ ልጅ አስም አለበት። ጀሪካን ይዘው የሚመጡ ገዢዎች ስላሉ የውጭ በር ከመሸ በኋላም አይዘጋም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ሌላ ነው። በቅርቡ ራሷ ቡና ጠርታኝ ገብቼ ቀና ስል፣ ከምድጃው በላይ ያለው ማዳበሪያ ጠቁሮ፣ ጫፉ ቀልጦ ተኮማትሮ አየሁት። ወንበር ላይ ወጥቼ አንዱን ወራጅ ስነካው መዳፌ ላይ ከሰል ቀረ። ከዚያ ወራጅ ሥር ልጆቿ ይተኛሉ፤ ከግድግዳው ማዶ እኔ እተኛለሁ።

በቃል ነግሬያታለሁ። «እሺ እማማ» ትለኛለች፣ ግን አታቆምም። የልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚወጣው ከዚያ መሆኑን አውቃለሁ።

ወንድሜ ቁልፉን ቀይሪና ዕቃዋን አውጪ ይለኛል። እኔ በኅዳር ውርጭ ሁለት ሕፃናት ይዛ ደጅ እንድታድር አልሻም። ቤቴ እንዲቃጠልም አልሻም። ስለዚህ የምታውቁ ንገሩኝ፦ ኪራይ እየከፈለች ልቀቂ ማለት ይቻላል? ደብዳቤው ላይ ምን ይጻፋል? ስንት ቀን ይሰጣል? የሚቀጥለውን ወር ኪራይ ብቀበልስ ደብዳቤው ዋጋ ያጣል?

የመሐል ሜዳ ልጅ፦

እናቴ፣ እኔ ተከራይ ነኝ፤ እዚያው ደብረ ብርሃን አስተምራለሁ። ሕጉን ሌሎች ይንገሩዎት፤ እኔ ደብዳቤ ከተቀባዩ ወገን ምን እንደሚመስል ልንገርዎት።

ከዚህ በፊት የነበርኩበት ቤት አከራይ አንድ ቀን ግማሽ ወረቀት በበሬ ሥር አስገቡልኝ። «ፀባይህ ስላልተስማማን እስከ ወሩ መጨረሻ ልቀቅ» ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም። ኪራይ አላስቀረሁም፤ ማታ ሬዲዮ እንኳ ከፍ አላደርግም። ምን እንዳጠፋሁ ብጠይቅ «አንተ ታውቀዋለህ» ብቻ ነው መልሱ። ኋላ ከሌላ ተከራይ ሰማሁ። ለፋሲካ ከቤተሰብ የተላከልኝን የመንዝ በግ ግቢ ውስጥ አስሬ ማሳደሬ ነበር። ውላችን ላይ እንስሳ ማስገባት ክልክል ነው የሚል ነበረ። «በጉን እስከ ነገ አውጣ» የሚል አንድ መስመር ቢጽፉልኝ የዚያኑ ዕለት አወጣው ነበር። እሳቸውም ተከራይ ባላጡ፣ እኔም በጾሙ መጨረሻ ቤት ፍለጋ ባልዞርኩ።

ስለዚህ ለሴትየዋ የሚያዩትን ይጻፉላት፤ ወራጁን፣ ማዳበሪያውን፣ እሳቱን። «ፀባይ» የሚል ቃል አይግባበት። ሰው ምን ማስተካከል እንዳለበት ካልተነገረው ደብዳቤው ስድብ ነው የሚሆንበት።

አከራይ ነኝ፦

ወንድምዎ ልክ ናቸው። ቤቱ የእርስዎ ነው። ሕግ ሕግ እያሉ ሲጠብቁ ቤቱ ይነድዳል። ቁልፉን ቀይረው ዕቃዋን ለእድር ዕቃ ቤት በአደራ ይስጡ፤ መጥታ ትውሰድ።

ራፖር ጸሐፊው፦

እህቴ፣ ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ደጃፍ አቤቱታ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። የቤት ኪራይ ጉዳይ ከእጄ ጠፍቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጻፍልዎ።

አስቀድሜ ከላይ ለጻፉት ወንድም፦ እባክዎ ይህን ምክር ለማንም አይስጡ። ትክክለኛ ምክንያት ይዘው የመጡ አከራዮች ቁልፍ በመቀየራቸው ብቻ ተከሳሽ ሆነው ቆመው አይቻለሁ። የሰው ዕቃ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲወጣ አንድ ወርቅ ጠፋ፣ አንድ ሰነድ ጠፋ ይባላል፤ አላወጣሁትም ብሎ ማስረዳት የአከራዩ ዕዳ ይሆናል። መብራትና ውኃ መቁረጥም ያው ነው። ተከራይ የሚኖርበት ክፍል ደግሞ መኖሪያው ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የሰው መኖሪያ ያለ አግባብ እንዳይበረበር ይጠብቃል፤ ባለቤትነት ያንን አይሽረውም። ተከራይን በግድ የማስወጣት ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው። ቀበሌም ቢሆን ያስማማል እንጂ አያስወጣም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ኪራይ መክፈል ከተከራይ ግዴታዎች አንዱ ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ኪራይ ለብቻው ይደነግጋል፤ ከአንቀጽ 2945 ጀምሮ ያገኙታል። የማይንቀሳቀስ ንብረት የተከራየ ሰው ንብረቱን በጥንቃቄ እንዲይዝና በውሉ ለተባለው አገልግሎት ብቻ እንዲያውለው ግዴታ አለበት። ለመኖሪያ የተከራየችውን ክፍል ማምረቻ አድርጋዋለች፤ ጣሪያውንም እያቃጠለችው ነው። ስለዚህ አዎን፣ ኪራይ እየከፈለችም ልቀቂ ማለት ይቻላል።

ይቻላል ማለቴ ግን ሁሉም ጥፋት ቤት ያስለቅቃል ማለቴ አይደለም። ዳኛ ውል የሚያፈርሰው የውሉ መሠረታዊ ነገር ሲጣስ ነው፤ አንቀጽ 1785 ይህንኑ ይላል፤ የሁለቱን ወገን ጥቅምና ቅን ልቡናን እንዲመዝንም ያዝዘዋል። እርስዎ ከዘረዘሩት ውስጥ አተላው በአንድ ጉድጓድ የሚስተካከል ነው። ገዢዎች ማምሸታቸው የሚያስቸግር ነው፤ ብቻውን ግን ቤት አያስለቅቅም። በማዳበሪያ ኮርኒስ ሥር የሚነድ እሳት ግን የሰው ነፍስና የቤቱ ህልውና ጉዳይ ነው። ደብዳቤዎ ከእሱ ይጀምር፤ የቀረው ከኋላ በአጭሩ ይከተል። አብዛኛው ሰው እንደ ተናደደበት ቅደም ተከተል ይጽፋል። ዳኛው ገጽ ሙሉ ስለ ውጭ በርና ስለ ልጅ ጩኸት አንብቦ ሲደክመው ነው እሳቱ የሚመጣው።

ማስጠንቀቂያን በተመለከተ፦ ውል አልተከበረልኝም የሚል ሰው ሌላውን ወገን አስቀድሞ እንዲያስጠነቅቅ አንቀጽ 1772 ያዝዛል። በማስጠንቀቂያው ውስጥ ጊዜ መወሰን እንደሚችል ደግሞ 1774 ይነግረናል፤ ጊዜው ለነገሩ የሚመጥን ሲሆን። አንድ ነገር አታድርግ ለሚል ግዴታ ማስጠንቀቂያ ላያስፈልግ የሚችልበት ሁኔታም በሕጉ አለ፤ በዚያ ግን አይመኩ። ዳኛ ፊት «ጽፌ ሰጥቻት ነበር፣ ይኸው ፊርማዋ» የሚል ሰውና «ስንት ጊዜ ነገርኳት» የሚል ሰው እኩል አይሰሙም።

ሰዎች አንድ ነገር ይቀላቅላሉ። «ይህን አቁሚ» የሚል ማስጠንቀቂያ አለ። «የውል ዘመኑ አልቋልና ቤቱን አስረክቢኝ» የሚል ማስታወቂያ አለ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ጥፋት ይፈልጋል፤ ጥፋቱ ከተስተካከለ ይሞታል። ሁለተኛው ጥፋት አይፈልግም፣ ጊዜ ነው የሚፈልገው። የእርስዎ ውል ዓመቱ አልፎ ሁለታችሁም ዝም ብላችሁ በመቀጠላችሁ ላልተወሰነ ጊዜ እንደ ታደሰ ይቆጠራል። ስለዚህ ሁለተኛው መንገድም ሊኖር ይችላል። በአንድ ወረቀት ላይ ከቀላቀሏቸው ግን ተከራይዋ «አረቄውን ባቆምም ያስወጡኛል» ብላ አታቆምም፤ ዳኛውም የትኛውን እንደ ጠየቁ አይገባውም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይረሱ ይጠይቁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ፤ ምክር ቤቱ ያጸደቀው መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። በክልል የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ከተሞች ነው። በአዋጁ ሥር ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከ2 ዓመት ላነሰ ጊዜ አይደረግም፤ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም። ከተማ አስተዳደሩ ዘንድ ሄደው የእርስዎ ውል መመዝገብ ያለበት መሆኑን ይጠይቁ። መመዝገብ ካለበት «ጊዜው አልቋል» የሚለው መንገድ ይጠብብዎታል። «ከመኖሪያነት ውጭ ዋለ፣ ቤቱ ተጎዳ» የሚለው ግን እዚያም የሚያስኬድ ምክንያት ነው።

ኪራዩን ይቀበሉ። ካልተቀበሉ ያልከፈለች ሊያስመስሏት ነው የሚል ጥርጣሬ ያመጣሉ። ደብዳቤው ላይ ግን አንዲት መስመር ይጨምሩ፦ «ኪራይ መቀበሌ ይህን ማስጠንቀቂያ ማንሳቴ አይደለም።»

የአረቄ ልጅ፦

እትዬ፣ እኔ በዚሁ በደብረ ብርሃን ከእናቴ ጋር አረቄ ሳወጣ ያደግሁ ነኝ፤ አሁንም የምኖረው በእሱ ነው። ልጆች በአረቄ ሲያድጉ አውቀዋለሁና ስለ እሷ አዝናለሁ። ግን በማዳበሪያ ኮርኒስ ሥር ድፍድፍ የሚጥድ የሚያውቅ ሰው የለም። እሳቱ ብቻ አይደለም። እንፋሎቱን ከሚያሳልፈው መቃ መጋጠሚያ፣ ማሸጊያው ሊጥ በተሰነጠቀበት በኩል የሚወጣው እንፋሎት ራሱ ይቀጣጠላል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው አረቄ በጣም ኃይለኛ ነው፤ ክብሪት ብታስነኩት በሰማያዊ ይነድዳል። እኛ የምናወጣው ከቤት ራቅ ባለ፣ ሦስት ጎኑ ክፍት በሆነ የቆርቆሮ ዳስ ነው፤ ውኃ የሞላ በርሜል ከአጠገባችን አይጠፋም።

ስለ ቀኑ ግን ልለምንዎት። «በሦስት ቀን አቁሚ» አይበሏት። ጋኑ ውስጥ ያለው ድፍድፍ እህል ነው፣ ብቅል ነው፣ ጌሾ ነው፤ ምናልባት በብድር የተገዛ ነው። እሱን ድፊው ማለት ልጆቿን ዕዳ ውስጥ መክተት ነው፤ ስለዚህ ተደብቃ በሌሊት ትጥደዋለች፣ ያ ደግሞ ለእርስዎ የባሰ አደጋ ነው። ሁለት የተለያየ የጊዜ ገደብ ይስጧት። እሳት ከቤት ውስጥ ዛሬውኑ ይውጣ። አዲስ ጥንስስ አይጠንሰስ። ያለው ድፍድፍ ግን ከግድግዳ ርቃ ግቢው ጥግ ሜዳ ላይ አውጥታ እንድትጨርሰው ጊዜ ይስጧት፤ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ሥራውን መቀጠል ከፈለገች ዳስ ያላቸው ሴቶች ቦታ በቀን ያከራያሉ፤ እዚያ ታውጣ፣ ለመኖር ግን እርስዎ ጋር ትኑር።

የጠባሴዋ እናት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ልጄ፣ አንቺ የነገርሽኝን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ የግቢው ጥግ ጥሩ ሐሳብ ነው። ለካሁት፤ ከሁለቱም ግድግዳ ርቆ ቦታ አለ።

ደብዳቤውን እንዲህ ብዬ ጻፍኩት፤ ተመልከቱልኝ።

«ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.። ለተከራዬ። በመካከላችን ባለው የኪራይ ውል ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ እንዲውል ተስማምተናል። እርስዎ ግን ከመስከረም ወር ጀምሮ ኋለኛውን ክፍል ለአረቄ ማውጫ አውለውታል። በዚህ ምክንያት የክፍሉ ኮርኒስ ተቃጥሏል፣ ከምድጃው በላይ ያለው ወራጅ ከስሏል። ለእርስዎም ለልጆችዎም ለእኔም አደጋ ነው። አተላው ወደ ጎረቤት ይፈሳል። መብራትም አብዝተው ይጠቀማሉ፤ እንግዳም ያበዛሉ። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት ቀን ጀምሮ በክፍሉ ውስጥ ለዚህ ሥራ እሳት እንዳያነዱና አዲስ ጥንስስ እንዳይጠነስሱ፣ ያለውን ድፍድፍ ግን በግቢው ጥግ በአስቸኳይ አውጥተው እንዲጨርሱ አሳስባለሁ። ይህ ካልተፈጸመ ቤቱን እስከ ታኅሣሥ 30 ቀን እንዲያስረክቡኝ እጠይቃለሁ። ኪራይ መቀበሌ ይህን ማስጠንቀቂያ ማንሳቴ አይደለም።»

መብራቱን የጻፍኩት ወንድሜ ግድ ስላለኝ ነው። ኮርኒሱን የሚያድሰውስ ማን ነው? እሱንስ እዚህ ላይ ልጻፈው?

ራፖር ጸሐፊው፦

ጥሩ አድርገው ጽፈውታል፤ ሰውን ሳያዋርድ ነገሩን ይናገራል። ጥቂት ላስተካክል።

መብራትና እንግዳ ይውጡ። ውሉ ላይ ስለ መብራት ወይም ስለ እንግዳ የተጻፈ ነገር እንዳለ አልነገሩንም፤ ከሌለ ጥፋት አይደለም። ጠንካራው ምክንያትዎ አጠገብ ደካማ ሲቆም፣ ያስወጡኝ የፈለጉት በጥላቻ ነው እንድትል በር ይከፍትላታል። ወንድምዎን እኔ እንዲህ አልኩ ብለው ይንገሯቸው።

«በአስቸኳይ» የሚለውን ይሰርዙና «እስከ ኅዳር 25 ቀን» ይበሉ። አስቸኳይ ለአንዱ ነገ ነው፣ ለሌላው የሚቀጥለው ወር ነው። «ይህ ካልተፈጸመ» የሚለውንም ግልጽ ያድርጉት፦ «ከተጠቀሰው ቀን በኋላ በቤቱ ውስጥም ሆነ በግቢው አረቄ ማውጣት ከቀጠሉ»። ከላይ የውሉን ቀን፣ የሁለታችሁን ሙሉ ስም፣ የቤቱን ቀበሌና ቁጥር ይሙሉ። ካቆመችና በቃሏ ከጸናች ደግሞ ታኅሣሥ 30 ይቀራል፤ እርስዎም ያንን ቀን አያንሱባት።

ሁለት ቅጂ ያዘጋጁ። ሲሰጧት ከሁለታችሁም ጋር የሚግባቡ ሁለት ሰዎች ይገኙ፤ ከእድራችሁ ቢሆኑ እመርጣለሁ፣ ወንድምዎ ግን አይሁኑ። በአንዱ ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» ብላ ቀን ጽፋ ትፈርም። አልፈርምም ካለች አይጣሏት፤ ምስክሮቹ «በፊታችን ተሰጥቷታል፣ አልፈርምም ብላለች» ብለው እነሱ ይፈርሙ። ማንበብ የምትቸገር ከሆነ ይነበብላት፤ መነበቡም ይጻፍ።

የኮርኒሱን ፎቶ ዛሬ ያንሱ፤ ግን አስፈቅደዋት፣ እሷ ባለችበት። ዕድሳቱ ጉዳቱን ያደረሰው ሰው ዕዳ ነው። እዚህ ደብዳቤ ላይ ግን ዋጋ አይጻፉ፤ «ለደረሰው ጉዳት ያለኝ መብት የተጠበቀ ነው» ብቻ ይበቃል። አናጢ ጠርተው የወራጁንና የማዳበሪያውን ዋጋ በወረቀት ያጽፉትና ያስቀምጡት። ኅዳር 25 አልፎ እሳቱ ከቤት ከወጣ፣ ያኔ ከኪራዩ ጋር በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየጨመረች እንድትከፍል ተነጋገሩ። ካልወጣ ወረቀቱን ከፎቶውና ከውሉ ጋር ይዘው ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሂዱ፤ አቤቱታውን እዚያ ደጃፍ የሚጽፍልዎ ሰው አያጡም።